በትርፍ ጊዜዎ አማርኛን ለኮምፒውተር ማስነበብ፤ ደረጃ በደረጃ

በትርፍ ጊዜያቸው ፕሮግራም የሚጽፉ ብዙ ሰዎች የቋንቋ ቴክኖሎጂ ሲባል የትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ብቻ ይመስላቸዋል። የጎግል ትርጉም እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ጨመረ፤ ዛሬ ደግሞ በአማርኛ ጠይቀናቸው በአማርኛ የሚመልሱ ፕሮግራሞች በየስልኩ አሉ። ይህን ያየ ሰው «እኔ በአንዲት ላፕቶፕ ምን ልጨምር?» ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ብዙ የሚጨመር ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። አማርኛን ከልጅነቱ ጀምሮ ያነበበ ሰው አንድን ጽሑፍ ሲያይ የቱ ጋ እንደተበላሸ ወዲያው ያውቃል፤ ይህ ችሎታ በገንዘብ ብቻ አይገዛም። ስለዚህ እዚህ የማሳይዎት መንገድ ከጽሑፉ ይነሳል። ትልልቆቹ ሞዴሎች የሚመጡት ወደ መጨረሻው ነው።

የምንደርስበት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ የአማርኛ ዜና ሲሰጡት ስፖርት ይሁን ቢዝነስ ወይም ፖለቲካ ገምቶ የሚነግርዎት። ሉፕ፣ ሊስት፣ ዲክሽነሪና ፋንክሽን ምን እንደሆኑ ካወቁ በቂ ነው። ሒሳቡም መደመር፣ መቀነስና ማካፈል ነው።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን ያዘጋጁ

ፕሮግራሙን በፓይተን ይጻፉት። በዚህ ዘርፍ ያሉት ነጻ ላይብረሪዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለእሱ ነው፤ ፓይተን 3 ደግሞ ማንኛውንም ጽሑፍ በዩኒኮድ ስለሚይዝ ከፊደላችን ጋር አይጋጭም። ማሽንዎ ደካማ ከሆነ ጎግል ኮላብን በብሮውዘር ከፍተው በነጻ መሥራት ይችላሉ። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ግን ፓይተንንና ጁፒተር ኖትቡክን በራስዎ ማሽን ላይ ይጫኑ። መረጃውን አንዴ ካወረዱ በኋላ፣ በደረጃ 6ና 7 መሣሪያ ከሚጭኑበት ጊዜ በቀር፣ እስከ ደረጃ 7 ያለው ሥራ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ሌላ ላይብረሪ ለጊዜው አይጫኑ። መጀመሪያ በባዶ ፓይተን የሠሩት ነገር በኋላ ላይብረሪው ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንዲገባዎት ያደርጋል።

ደረጃ 2፦ ጽሑፍ ይሰብስቡ

ሦስት ምንጮችን እመክራለሁ። የመጀመሪያው የአማርኛ ዊኪፒዲያ ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ በአንድ የታመቀ ፋይል ይወርዳል፤ ፈቃዱም ነጻ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የአማርኛ ዜና ስብስብ ነው። ከ50 ሺህ በላይ ዜናዎች በ6 ዘርፍ፣ ማለትም በአገር ውስጥ፣ በስፖርት፣ በፖለቲካ፣ በዓለም አቀፍ፣ በቢዝነስና በመዝናኛ ተለይተው ይገኙበታል፤ የመጨረሻውን ፕሮግራማችንን የምናሠለጥነው በእሱ ነው። ሦስተኛው ቴሌግራም ነው። የዴስክቶፑ ቴሌግራም የአንድን ቻናል ጽሑፍ በጄሰን ፋይል አውጥቶ ይሰጣል። ለሁሉም ክፍት ከሆነ ቻናል ይውሰዱ፤ የጓደኞችና የዕድር ግሩፕ መልእክት ግን የሰዎች የግል ንግግር ስለሆነ አይንኩት። የዜና ቻናል ጽሑፍም ባለቤት አለው፤ ለራስዎ መማሪያ ከማዋል አልፈው መልሰው ማሰራጨት ካሰቡ ፈቃድ ይጠይቁ።

ፋይል ሲከፍቱም ሲያስቀምጡም ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በግልጽ ይጻፉ። በዊንዶውስ ላይ ይህን ከዘለሉ ፕሮግራሙ ወይ ስህተት ብሎ ይቆማል ወይ ጽሑፉን አበላሽቶ ያነባል። የድሮ ሰነድ ካጋጠመዎት ደግሞ በየትኛው ሶፍትዌር እንደተጻፈ ያጣሩ። በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ ያለው በፎንቱ ውስጥ ነው፤ ፎንቱ ሲነሳ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅልቅ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ዓይነቱን ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉት።

ከዚያ ቁጭ ብለው የተወሰኑ ዜናዎችን በዓይንዎ ያንብቡ። ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ይህን ነው። የጋዜጠኛው ስም በየዜናው ግርጌ ይደጋገማል? «ሼር ያድርጉ» የሚል መስመር አለ? ግማሹ እንግሊዝኛ ነው? አሁን ያላዩት ነገር በኋላ ውጤትዎን ያዛባል።

ደረጃ 3፦ ፊደልን እንደ ቁጥር ይዩት

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚያስደስተው ክፍል ይኸው ነው።

ለኮምፒውተር እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ሥሪት ሲሆን የሰፈረበት ቅደም ተከተል በጣም የታሰበበት ነው። በፓይተን ኦርድ የተባለው ፋንክሽን የአንድን ፊደል ቁጥር ይነግርዎታል። ሀን ስጡት፤ 4608 ይላል። ለ 4616 ነው፤ በመሃላቸው ልዩነቱ 8 ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ 8 ቦታ ተሰጥቶታል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው እንደ ሏና ሟ ላሉት።

ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍለው ቀሪውን ቢያዩ ፊደሉ ስንተኛው ቤት እንደሆነ ያውቃሉ። ሰላም የሚለውን ቃል እንሞክር። ሰ 4656 ነው፤ ቀሪው 0፤ ግዕዝ። ላ 4619 ነው፤ ቀሪው 3፤ ራብዕ። ም 4637 ነው፤ ቀሪው 5፤ ሳድስ። ቀሪውን ከቁጥሩ ላይ ከቀነሱ ደግሞ ፊደሉ ወደ ቤተሰቡ መጀመሪያ ይመለሳል፤ ሰላም ሰለመ ይሆናል። ቁጥሩን መልሶ ፊደል የሚያደርገው ፋንክሽን ቸር ይባላል። በትምህርት ቤት ገበታ ላይ ሀ ሁ ሂ ብለን የቆጠርነው ሠንጠረዥ እንዳለ ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።

ደንቡ የሚሠራው እስከ ፐ ቤተሰብ ድረስ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ልዩ ልዩ ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥቦችና ከ፩ እስከ ፼ ያሉት ቁጥሮች ለዚህ ሒሳብ አይገዙም፤ ፋንክሽንዎ መጀመሪያ ወሰኑን ይፈትሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ያስታውሱ። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 ሲቀመጥ 3 ባይት ይይዛል። ሰላም 3 ፊደል ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ግን 9 ባይት ነው። ትልልቅ ሞዴሎች ጋ ስንደርስ ይህ ልዩነት ይመለስብናል።

ደረጃ 4፦ ጽሑፉን ያጥሩ

በነጥቦቹ ይጀምሩ። አራት ነጥብ በዩኒኮድ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለቴ እየመታ «፡፡» ብሎ ይጽፈዋል። አንዳንዱ የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ ይጠቀማል። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለፕሮግራሙ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁሉንም ወደ አራት ነጥብ ካልመለሱ ዓረፍተ ነገር መቁረጥ አይችሉም።

አጽሕሮተ ቃላት ቀጥለው ይመጣሉ። ዓ.ም፣ ዶ/ር፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት የሚሉትን ነጥብና ሰያፍ ከማጥፋትዎ በፊት በዝርዝር ይያዟቸው፤ ወደ ሙሉ ቃላቸው ይተርጉሟቸው ወይም ባሉበት ይቆልፏቸው። ሳይኪት ለርን የተባለው ታዋቂ ላይብረሪ ጽሑፍን በራሱ ደንብ ሲቆርጥ ባለ አንድ ፊደል ቃላትን ይጥላል። በዚህ ደንብ ወ/ሮ «ወ» እና «ሮ» ሆና ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ዓ.ምም እንዲሁ። ት/ቤት ደግሞ ተራ ቤት ሆኖ ይቀራል። ላይብረሪው ስህተት የሚል መልእክት አይሰጥዎትም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ከዚያ ዋናው ጉዳይ አለ፤ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። በዚህ ላይ ሀና ሃ፣ አና ኣ በንባብ አይለያዩም። ፀሐይ የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ ለመጀመሪያው ፊደል 2፣ ለሁለተኛው 6 አማራጭ ስላለ በ12 መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ በጋዜጣና በቴሌግራም ከእነዚህ በርካታዎቹን ያገኛሉ። ፕሮግራሙ ሁሉንም የተለያዩ ቃላት አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

መፍትሔው ከደረጃ 3 ሒሳብ ይወጣል። ከሐ ቤተሰብ 16 ቀንሱ፤ ሀ ቤተሰብ ይሆናል። ከኀ 128 ቀንሱ፤ እሱም ሀ ይሆናል። ሠ ላይ 16 ጨምሩ፤ ሰ ይሆናል። ከዐ 48 ቀንሱ፣ ከፀ ደግሞ 8። ስምንተኛዋን ሗን ብቻ በዚህ ሒሳብ አታስገቧት፤ ከኋ ጋር ለየብቻ አጣምሯት። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚመልስ አንድ መስመር ይጨምሩ። ጐንደርና ጎንደር የሚገናኙትም እዚሁ ጋ ነው፤ ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ ይመልሱ።

እዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ፤ ዋናውን ጽሑፍ አይለውጡት። የተስተካከለውን በሌላ ፋይል ያስቀምጡና ለመቁጠርና ለመፈለግ ብቻ ይጠቀሙበት። ሠረቀ ፀሐይ ወጣ ለማለት፣ ሰረቀ ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ ለማለት በጥንቃቄ የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ማስተካከያው ይህን ልዩነት ያጠፋል። ለአንባቢ የሚቀርበው ጽሑፍ ጸሐፊው እንደጻፈው ሊቀርብ ይገባል።

ደረጃ 5፦ ቃላትን ይቁጠሩ

ጽሑፉን በክፍት ቦታና በሥርዓተ ነጥብ ቆርጠው ካውንተር በተባለው የፓይተን መሣሪያ ይቁጠሩ። የድሮ ጽሑፍ ቃላትን በሁለት ነጥብ ስለሚለይ እሱንም እንደ ክፍት ቦታ ይያዙት። ከዝርዝሩ ላይኛው ጫፍ ነው፣ ላይ፣ እና፣ ውስጥ፣ ነበር የመሰሉት ተሰልፈው ይመጣሉ። ይህ የማንኛውም ቋንቋ ጠባይ ነው፤ ጥቂት ቃላት እጅግ ይደጋገማሉ።

ትኩረትዎን ወደ ዝርዝሩ ታችኛ ጫፍ ያዙሩት። አንዴ ብቻ የተገኙ ቃላት ሰልፍ ረጅም ነው፤ ብዙዎቹ ግን አዲስ ቃላት አይደሉም። ቤቱ፣ ቤቶች፣ ከቤታችን፣ የቤቱን፣ በየቤቱ፣ ለቤቶቻቸውም። እንግሊዝኛ በተለያዩ ቃላት የሚጽፈውን እኛ በአንድ ቃል ላይ ከፊትና ከኋላ እንሰካዋለን። ለእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች ይህን ችግር በቀላሉ ያልፉታል፤ አማርኛ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ደረጃ 6፦ የቃሉን ሥር ይፈልጉ

መጀመሪያ የሚመጣልዎት ሐሳብ ከቃሉ ፊት በ፣ ለ፣ ከ፣ የን መቁረጥ ነው። ይሞክሩትና ውጤቱን ያንብቡ። በሬ ሬ ይሆናል፤ በግ ግ፤ ከተማ ተማ፤ የመን መን። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀረው ቃል ራሱ በቃላት ዝርዝርዎ ውስጥ ደጋግሞ ከተገኘ ብቻ ይቁረጡ። «ከቤት» ሲቆረጥ «ቤት» ይቀራል፤ ቤት በዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ያልፋል። ተማ ስለሌለ ከተማ እንዳለ ይቆያል። ፍጹም አይደለም፤ ግን በጥቂት መስመሮች የተጻፈ ደንብ ነውና ብዙ ያግዛል።

ግስ ላይ ይህ አይበቃም፤ ለውጡ በቃሉ ሆድ ውስጥ ነውና። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ አልሰበሩትም፣ ሰባራ፣ ስብርባሪ። እዚህ የደረጃ 3ን ዘዴ መልሰው ያምጡት፤ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ግዕዙ ይመልሱ። ይሰብራል የሰበረለ ይሆናል፤ አልሰበሩትም አለሰበረተመ፤ ሰባራ ሰበረ፤ ስብርባሪ ሰበረበረ። በሁሉም ውስጥ ሰበረ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጣት በሚቆጠሩ የኮድ መስመሮች የአማርኛን ግስ ሥር መፈለጊያ ሠሩ ማለት ነው።

ድካሙንም ይወቁ። አስበረገገ በዚህ ዘዴ አሰበረገገ ስለሚሆን በውስጡ ሰበረ አለ፤ ከመሰበር ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሸጠና ሻጭ፣ ወሰደና ወሳጅ ደግሞ ዘመዳሞች ሆነው ሳሉ ጠ ወደ ጨ፣ ደ ወደ ጀ ስለሚለወጥ አይገናኙም። ሰዋስው ያጠኑ ሰዎች ይህን ሁሉ በደንብ ጽፈውታል፤ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ነጻ ፕሮግራም የአማርኛን፣ የትግርኛንና የአፋን ኦሮሞን ቃላት በትኖ ሥራቸውንና ቅጥያቸውን ያሳያል። መጀመሪያ የራስዎን ይሥሩ፤ ከዚያ የእርስዎን ውጤት ከእሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተያዩ። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ልምምድ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ማንም መሣሪያ ከፊደሉ ብቻ ሊያገኘው አይችልም። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አልደረሰም ማለት? ለዚህ ዙሪያውን ያሉትን ቃላት ማየት ግድ ነው።

ደረጃ 7፦ ዜና የሚለይ ፕሮግራም ያሠልጥኑ

አሁን ሳይኪት ለርንን ይጫኑ። የዜና ስብስቡን በዘፈቀደ ቀላቅለው 80 በመቶውን ለማሠልጠኛ ይመድቡ፤ ቀሪውን 20 በመቶ እስከ መጨረሻው አይንኩት። ዘዴው ናይቭ ቤይስ ይሁን። ይህ ዘዴ እያንዳንዱ ቃል በየዘርፉ ምን ያህል እንደሚገኝ ይቆጥራል፤ አዲስ ዜና ሲመጣ በውስጡ ያሉት ቃላት ወደ የትኛው ዘርፍ እንደሚያደሉ ያሰላል። በመቁጠር የሚሠራ ስለሆነ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ከፍተው ማየት ይችላሉ።

መጀመሪያ ሙሉ ቃላትን ይቁጠሩ። ቀጥሎ ከሦስት እስከ አምስት ፊደል የሆኑ ቁርጥራጮችን ይቁጠሩ፤ ላይብረሪው ይህን በአንድ ምርጫ ይሠራልዎታል። ቁርጥራጩ ለአማርኛ ይጠቅማል፤ «ተጫዋ» የምትለው ቁራጭ በተጫዋቹም፣ ለተጫዋቾችም፣ በተጫዋቿም ውስጥ ስላለች ሥር መፈለግ ሳያስፈልግ ሁሉንም ታገናኛለች። ማሽኑ ከከበደው ዜናዎቹን ወደ 10 ሺህ ይቀንሱለት።

ውጤቱን በመቶኛ ብቻ አይመዝኑት። ከፈተናው ዜና 40 በመቶው የአገር ውስጥ ቢሆን፣ ሁሉንም ዝም ብሎ «የአገር ውስጥ» የሚል ፕሮግራም 40 ያገኛል። የእርስዎ ፕሮግራም መለካት ያለበት ከዚያ በላይ ባመጣው ነው። ከዚያ የተሳሳቱትን ዜናዎች አንድ በአንድ ያንብቡ። ዝውውር የሚለው ቃል በተጫዋቾች ዝውውርም በገንዘብ ዝውውርም አለ። ግብ የሚቆጠረው በሜዳ ላይ ነው፤ በልማት ዕቅድም ግብ ይመታል። ስለ ስታዲየም ግንባታ ወጪ የሚያወራ ዜና ቢዝነስ ነው ወይስ ስፖርት? አንዳንዴ የተሳሳተው መጀመሪያ ዘርፉን የሰጠው ሰው ሆኖ ያገኙታል። የማሽን ትምህርት የሚባለው ነገር የሚገባዎት እነዚህን ሲያነቡ ነው።

ደረጃ 8፦ ወደ ትልልቆቹ ሞዴሎች ይሂዱ

አሁን ሀጊንግ ፌስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከተከማቹት የሠለጠኑ ሞዴሎች አንዱን ይውሰዱ፤ የሚሞክሩትም በኮላብ ይሁን። ከማሠልጠንዎ በፊት ግን ሞዴሉ አማርኛን ያነብ እንደሆነ ይፈትሹ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለቃል መቁረጫው፣ ማለትም ጽሑፉን ለሞዴሉ ወደ ቁርጥራጭ ለሚከፍለው ክፍል፣ ይስጡና ምን እንደሚመልስ ይዩ። በርት የተባለው የጎግል ባለብዙ ቋንቋ ሞዴል 104 ቋንቋዎችን ይዞ አማርኛን አልያዘም፤ ለአማርኛ ቃላት የሚመልሰው «ያልታወቀ» የሚል ምልክት ነው። በፌስቡክ ተመራማሪዎች የተሠራው ኤክስኤልኤም ሮበርታ ከ100 ቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነው፤ ለአፍሪካ ቋንቋዎች ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደው አፍሮኤክስኤልኤምአርም አለ። ለጀማሪ ከሁለቱ አንዱን እመክራለሁ።

የቃል መቁረጫው አንድን የአማርኛ ቃል ስንት ቦታ እንደሚከፍለውም ይቁጠሩ። ከባይት የሚነሱ ሞዴሎች ለአንድ ፊደል 3 ባይት ስለሚያዩ የእኛን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው በብዙ እጥፍ ሊቆራርጡት ይችላሉ። በቁራጭ ብዛት ለሚያስከፍል አገልግሎት ይህ የኪስ ጉዳይ ነው።

ውጤቱን ከደረጃ 7ቱ ጋር ያወዳድሩ። በሰከንዶች የሠለጠነው የእርስዎ ናይቭ ቤይስ በጥቂት ነጥብ ብቻ ከተበለጠ ለስልክ ወይም ለአሮጌ ማሽን እሱን ይምረጡ።

ደረጃ 9፦ የራስዎን ጥያቄ ይዘው ይቀጥሉ

ከዚህ በኋላ መንገዱ እንደ ፍላጎትዎ ነው። የሰው፣ የቦታና የድርጅት ስም ከጽሑፍ ውስጥ መልቀም ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ማሳካኔር የተባለው ስብስብ ከያዛቸው 10 የአፍሪካ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአስተያየትን ስሜት መለየት ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አፍሪሴንቲ የተባለው ስብስብ በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ምልክት የተደረገባቸው የትዊተር መልእክቶች አሉት። ስለ ማሳካኔ ማኅበረሰብ ካልሰሙ ይፈልጉት፤ በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች ስብስብ ነው፤ ጀማሪንም ይቀበላል።

ትልቁ ክፍተት ያለው ግን ትልልቆቹ ስብስቦች በማይደርሱበት ቦታ ነው። የአካባቢዎን የቦታ ስሞች ከነአጻጻፋቸው መዝግቡ። የግብርና ወይም የሕክምና ቃላትን ሰብስቡ። ያደጉበት አካባቢ አማርኛ ከአዲስ አበባው የሚለይበትን ቃል ዘርዝሩ። በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ የሚሳሳቱትን አጻጻፍ ብትመዘግቡ ለፊደል ማረሚያ የሚሆን መረጃ ይወጣል። አንድ ሺህ በጥንቃቄ የተዘጋጁ መስመሮች ለቀጣዩ ሠሪ ትልቅ ስንቅ ናቸው።

ያዘጋጁትን ፋይል በማሽንዎ ውስጥ አያስቀሩት፤ በነጻ ፈቃድ ይልቀቁት። ከጎኑም ጽሑፉን ከየት እንዳገኙ፣ የትኞቹን ፊደላት እንዳስተካከሉና ምን እንደጣሉ በአማርኛ ይጻፉ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሰው ሥራውን ከዜሮ እንዳይጀምር።